የነዳጅ ዘይት ጉድጓድን አሲድ ማጠጣት፤ የጥበቡ ታሪክና የስያሜዎቹ ጥያቄ

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚደክም ሰው ዘወትር የሚገጥመው አንድ ፈተና አለ፤ ይኸውም ቃሉን ይዞ ነገሩን አለመያዝ ነው። አንድ የባዕድ ስያሜ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ቦታ፣ አንድን ችግር ሲታገሉ በነበሩ ሰዎች አንደበት የተፈጠረ ነው። ችግሩ ምን እንደ ነበረ ሳይመረምር ስያሜውን ብቻ የሚገለብጥ ተርጓሚ ገለባውን ሰብስቦ ፍሬውን ይበትናል።

በዚህ ጽሑፍ ከነዳጅ ዘይት ጉድጓድ ሥራ የመጡ ጥቂት ስያሜዎችን እንመረምራለን። ስያሜዎቹ የሚያያዙት አሲድን ወደ ጉድጓድ አውርዶ፣ ዘይት ያዘለውን አለት በማሟሟት፣ የነጠፈ ጉድጓድ እንደገና እንዲሰጥ፣ ደኅና የሚሰጠውም ይበልጥ እንዲሰጥ ከማድረግ ጥበብ ጋር ነው። ጉዳዩ የሩቅ አገር ቢመስልም የሚነካቸው ቃላት፣ «ገታ»፣ «በላ»፣ «ጠጣ»፣ «ጭቃ»፣ «ቆዳ»፣ ከቤታችን የማይርቁ ናቸው። ከእነዚህ አንዱን አሳስቶ መሰየምም፣ ወደ ፊት እንደምናሳየው፣ በሠራተኛ ሥጋ ላይ የሚደርስ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ ላይማ በምትባል ከተማ ነው። በላይማ በ1885 ነዳጅ ዘይት በተገኘ ጊዜ ዘይቱን ያዘለው አለት ትሬንተን የሚባለው የኖራ ድንጋይ ነበር። ዘይቱ ግን ድኝ የበዛበት በመሆኑ ከእርሱ የሚወጣው ላምባ የሚከረፋና የሚያጨስ ሆነ። ይህን እንዲያቃና ስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ ያሠራው ኸርማን ፍራሽን ነበር። ፍራሽ በ1851 በጀርመን የተወለደ፣ በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ የተሻገረ ኬሚስት ነው። ድኙን በመዳብ ኦክሳይድ አማካይነት ከዘይቱ የሚለይበትን ዘዴ ፈለሰፈ፤ በሉዊዚያና ደግሞ ከምድር በታች ያለውን ድኝ በጋለ ውኃ አቅልጦ በማውጣት ስሙ ይበልጥ ገነነ።

የመጀመሪያው የስያሜ ወጥመድ የሚገኘው እዚሁ ላይ ነው። የነዳጅ ሰዎች ድኝ የበዛበትን ድፍድፍ ዘይት በእንግሊዝኛ «ኮምጣጣ» ይሉታል። «አሲድ» የሚለውም ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን በመነሻው ትርጉሙ ያው «ኮምጣጣ» ማለት ነው። ጀርመኖችም አሲድን የሚጠሩት ከመኮምጠጥ በወጣ ስም ነው። ዐረቦች «ሐምድ» ይሉታል፤ ይህ ቃል ከእኛው «ሆመጠጠ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። እንግዲህ የተውሶን ቃል የሚጠላ ሰው ይህን ሁሉ አይቶ፣ «አሲድ ለምን ኮምጣጣ አይባልም? ዘመዶቻችን ብለውት የለም ወይ?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን እንዲህ ብንል ፍራሽ በጠዋት ኮምጣጣውን ዘይት ሲያጣራ፣ ከሰዓት በኋላ ኮምጣጣውን ወደ ጉድጓድ ሲያወርድ ልንጽፍ ነው፤ አንባቢም ሁለቱን አንድ ነገር አድርጎ ይወስዳል። ስለዚህ እኛ «አሲድ» የሚለውን ተውሶ እንዳለ እንይዛለን፤ ሕዝቡም ከባትሪና ከጋራዥ የተነሣ ከለመደው ውሎ አድሯል። ድኝ የበዛበትን ዘይት «ድኛም ድፍድፍ» እንለዋለን። «ኮምጣጣ» ለምላስ ይቅር።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ማርች 17 ቀን 1896 ፍራሽ «የነዳጅ ዘይት ጉድጓዶችን ፍሰት ማሳደግ» በሚል ርእስ፣ ቁጥሩ 556,669 የሆነ ፓተንት በአሜሪካ መንግሥት ተሰጠው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ዘይቱ ያለው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው፤ የኖራ ድንጋይ ደግሞ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሟሟል። አሲዱ ድንጋዩን ሲነካ ሦስት ነገሮች ይወጣሉ፤ እነርሱም በውኃ የሚሟሟው ካልሲየም ክሎራይድ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝና ውኃ ናቸው። ሦስቱም ከጉድጓዱ ተጠርገው ሊወጡ የሚችሉ ስለ ሆኑ ድንጋዩ የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል፤ ዘይቱም በዚያ ያልፋል። መጠኑን ለመገመት ያህል፣ ከመቶ 15 እጅ ሃይድሮክሎሪክ ያለበት 1 ሊትር አሲድ 220 ግራም ያህል የኖራ ድንጋይ ያሟሟል። 1 ሜትር ኩብ ከሆነም ወደ 80 ሊትር የሚጠጋ ቦታ በአለቱ ውስጥ ይከፍታል።

የደጋ ገበሬዎቻችን አሲዳማ በሆነ እርሻቸው ላይ የተፈጨ ኖራ እንደሚበትኑ የግብርና ባለሙያዎች ያስተምራሉ። በላይማ የተደረገው የዚሁ ግልባጭ ነው። ገበሬው አሲድ ባለበት መሬት ላይ ኖራ ይጥላል፤ የዘይት ጉድጓዱ ሰው ኖራ ባለበት አለት ላይ አሲድ ያፈሳል። ኬሚስትሪው አንድ ሲሆን የሚፈለገው ግን ተቃራኒ ነው፤ ገበሬው አሲዱ እንዲጠፋለት፣ ሌላው ድንጋዩ እንዲጠፋለት። ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። «አሲዳማ ማድረግ» የሚለው አነጋገር በአፈር ጥናት ሥፍራውን ስለ ያዘ ለጉድጓዱ ሥራ ልንሰጠው አይገባም። እንግሊዝኛው ራሱ ሁለት ግሦች ለይቶ ይዟል፤ አንደኛው አንድን ነገር አሲዳማ ማድረግን፣ ሌላው ጉድጓድን በአሲድ ማሠራትን ብቻ ያመለክታል።

ታዲያ ለጉድጓዱ ሥራ ምን እንበል? «አሲድ መጨመር» ባዶ ነው፤ ወጥ ውስጥ ጨው እንደ መጨመር ያለ ነገር ይመስላል። «የአሲድ ሕክምና» የሚሉ አሉ፤ ይህ ግን የባዕዱን አነጋገር ቃል በቃል መገልበጥ ነው፣ ጉድጓዱንም በሽተኛ ያደርገዋል፤ ጤነኛ ጉድጓድም አሲድ እንደሚወርድበት አይተናል። እኛ የምንመርጠው «አሲድ ማጠጣት» የሚለውን ነው። ዝናብ ሲወርድ «መሬቱ ጠጣው» እንላለን፤ ፈሳሹ ከላይ ፈስሶ አልቀረም፣ ወደ ውስጥ ሰርጓል ማለታችን ነው። በጉድጓዱም የሚፈለገው ይኸው ነው፤ አሲዱ የጉድጓዱን ግድግዳ አጥቦ እንዲመለስ ብቻ ሳይሆን አለቱ እንዲጠጣው ነው። ግድግዳን ብቻ ማጠብ ሲፈለግ «የአሲድ እጥበት» የሚል ሌላ ስም አለን። ግፊቱ ከፍ ተደርጎ አለቱ በአሲድ ሲሰነጠቅ ደግሞ «የአሲድ ስንጠቃ» እንላለን።

በዚያው ዕለት፣ በዚያችው የላይማ ማጣሪያ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ጆን ቫን ዳይክም ተመሳሳይ ፓተንት ተቀብሏል፤ የእርሱ ግን በሰልፈሪክ አሲድ የሚሠራ ነበር። የሁለቱ ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሰልፈሪክ አሲድ ከኖራ ድንጋይ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጅብሰም ነው፤ ጅብሰም ደግሞ በውኃ እምብዛም ስለማይሟሟ ሊከፈት የተፈለገውን ቀዳዳ መልሶ ይደፍናል። ያሸነፈው የፍራሽ ሐሳብ መሆኑ አያስደንቅም።

የሚያስደንቀው ሌላ ነው። ዘዴው በላይማ ጉድጓዶች ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አሳይቶ ሳለ ብዙም ሳይቆይ ተተወ፤ ሠላሳ ዓመት ለሚያህል ጊዜም ከቁም ነገር ሳይቆጠር ኖረ። ኬሚስትሪው ትክክል ነበር፤ የኖራ ድንጋይ አልጠፋም፤ የዘይት ፍላጎትም በመኪና መስፋፋት ምክንያት ከዓመት ዓመት ጨመረ። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? የጎደለው፣ እንደምናምነው፣ የብረቱ ነገር ነው። ኖራን የሚበላ አሲድ ብረትንም ይበላል። የጉድጓዱ ቧንቧ፣ መሸፈኛው፣ ፓምፑ ሁሉ ብረት ነው። ፍራሽ ራሱ ይህን ተረድቶ አሲዱ የሚወርድበት ቧንቧ አሲድ በማይበላው ነገር እንዲለበጥ በፓተንቱ ላይ አመልክቶ ነበር። እንዲህ ያለ ቧንቧ ለአንድ ሙከራ ይበጃል፤ በመቶ ለሚቆጠሩ ጉድጓዶች ግን አይመችም። ዘይት ለማግኘት ጉድጓዱን መብላት የማያዋጣ ንግድ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከዘይት ሰዎች ሳይሆን ከብረት ፋብሪካ ነው። የብረት ፋብሪካዎች አዲስ የተዳመጠ ብረት ላይ የሚቀረውን የተቃጠለ ቅርፊት ለማስለቀቅ ብረቱን በአሲድ ይነክሩት ነበር። አሲዱ ቅርፊቱን ለቅቆ ብረቱን መብላት እንዳይጀምር በውስጡ ጥቂት ሌላ ንጥረ ነገር ይጨምሩበታል። ይህ ንጥረ ነገር በብረቱ ገጽ ላይ እየተለጠፈ አሲዱ በፍጥነት እንዳይደርስበት ያደርጋል። በ1928 በኦክላሆማ ጂፕሲ ኦይል የተባለው ኩባንያ ይህንኑ የፋብሪካ ዘዴ ወስዶ በዘይት ጉድጓዶች ቧንቧና መሣሪያ ላይ የተጋገረውን የኖራ ቅርፊት በአሲድ አስለቀቀ። የተፈለገው ቧንቧውን ማጽዳት እንጂ አለቱን ማሟሟት አልነበረም፤ በዚያ ያለው አለትም የአሸዋ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ነገሮች፣ የፍራሽ አሲድና የፋብሪካው ንጥረ ነገር፣ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ተገናኝተው ሳለ ማን ምን እንዳደረገ ሳይታወቅ ጥቂት ዓመታት አለፉ።

ሁለቱን አውቆ ያገናኘው ዕለት ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1932 ነው። ቦታው ሚቺጋን፣ ኢዛቤላ አውራጃ፣ የፒዩር ኦይል ኩባንያ ንብረት የሆነው ፎክስ ቁጥር 6 የተባለ ጉድጓድ ነበር። አሲዱን ያቀረበው ዳው ኬሚካል ነው። ዳው በሚድላንድ ከተማ ከጉድጓድ በሚቀዳ ጨዋማ ውኃ ላይ የተመሠረተ ኩባንያ ስለ ነበረ ጉድጓድም አሲድም ለእርሱ እንግዳ አልነበሩም። ጆን ግሪብና ሲልቪያ ስቶሰርን የመሳሰሉ ተመራማሪዎቹም የብረቱን ችግር ያውቁት ነበር። በዚያ ዕለት አርሴኒክ ያለበት ንጥረ ነገር የተቀላቀለበት 500 ጋሎን፣ ማለት 1,900 ሊትር ያህል፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በመኪና ተጭኖ መጣ፤ ወደ ጉድጓዱ የወረደውም በአትክልት ማጠጫ ጎማ ነበር። ነጥፎ የነበረው ጉድጓድ ከዚያ በኋላ በቀን 16 በርሜል መስጠት ጀመረ። 16 በርሜል 2,500 ሊትር ያህል ቢሆን ነው፤ በዘይት ሰዎች ዘንድ የሚያስፎክር መጠን አይደለም። ነገር ግን ምንም ከማይሰጥ ጉድጓድ የተገኘ ነው፤ ቧንቧውም አልተበላም። ወሬው በሚቺጋን ጉድጓዶች ሁሉ ተዳረሰ። ዓመቱ ሳያልቅ፣ በኖቬምበር 1932፣ ዳው ለዚሁ ሥራ ብቻ ዳውዌል የተባለ ኩባንያ አቋቋመ፤ ስሙ የኩባንያውና «ጉድጓድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተጣብቀው የወጡ ናቸው።

ስለ ንጥረ ነገሩ ስም ጥቂት እንቆይ፤ የዚህ ሁሉ ታሪክ መዝጊያና መክፈቻ እርሱ ነውና። እንግሊዝኛው ስሙን የወሰደው «ወደ ኋላ መያዝ» ከሚል የላቲን ግሥ ነው። በአማርኛ «ከልካይ»፣ «ተከላካይ»፣ «አጋጅ»፣ «ገቺ» የሚሉ አማራጮች ይቀርባሉ። «ከልካይ» እና «አጋጅ» ፈጽሞ ማስቀረትን ያመለክታሉ፤ ይህ ደግሞ ሐሰት ነው። ንጥረ ነገሩ አሲዱ ብረቱን እንዳይበላ አያደርግም፤ የሚበላበትን ፍጥነት ይቀንሳል እንጂ። ጊዜው ሲረዝምና የጉድጓዱ ሙቀት ሲጨምር ብረቱ መበላቱ አይቀርም። «ከልካይ ተጨምሮበታል» የተባለ ሠራተኛ አሲዱን በቧንቧ ውስጥ አሳድሮ ሊሄድ ይችላል። «ገቺ» ግን ፈረስን በልጓም ከመግታት የመጣ ነው፤ የተገታ ፈረስ አልታሰረም፣ ልጓሙ ከላላ ይጋልባል። ስለዚህ «ገቺ» እንላለን።

ገቺነቱ የምንድን ነው? «ዝገት ገቺ» የሚለው ቶሎ ወደ አፍ ይመጣል፤ ዳሩ ግን ዝገት እርጥበትና አየር በብረት ላይ የሚያወጡት ቀይ ነገር ነው። በቀለም መሸጫ አንቲረስት የሚባለው የሚጠቅመው ለዚያ ነው። አሲድ ግን ብረትን አያዝግም፤ ይበላዋል። አማርኛ ይህን ካወቀ ቆይቷል፤ ልብሱ ላይ የባትሪ አሲድ የፈሰሰበት ሰው «አሲድ በላው» ይላል እንጂ «ዛገ» አይልም። በመሆኑም ሙሉው ስም «የመበላት ገቺ» ይሆናል። አርሴኒኩ ራሱ ኋላ ከጥቅም ውጭ ሆኗል፤ መርዝነቱ ሳያንስ፣ ከዘይቱ ጋር ወደ ማጣሪያ ሲደርስ ካታሊስቶችን ስለሚያበላሽ ቦታውን ለሌሎች ኦርጋኒክ ንጥረ ነገሮች ለቅቋል። ስሙ ግን ስለ ተግባሩ እንጂ ስለ ቁሱ ስላልወጣ ቁሱ ቢለወጥም አይነካውም።

ይህ የማገናኘት ጉዳይ ኋላ በፍርድ ቤት ተነሥቷል። በገቺ የተገታ አሲድን በጉድጓድ ውስጥ ስለ መጠቀም በ1932 ለዳው ተመራማሪዎች ፓተንት ተሰጥቶ ነበርና፣ ዳው በዚሁ ፓተንት ሃሊበርተንን ከሰሰ። ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1945 ዳው ተረታ። አሲድ በጉድጓድ መጠቀም ከፍራሽ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ገቺም በሌላ ሥራ የታወቀ ነው፤ ሁለቱን ማገናኘት በሙያው ላለ ሰው ሊሠወር የሚችል ፈጠራ አይደለም ተባለ። በሕግ ረገድ ይህን ለመተቸት አንደፍርም። ከስያሜ አንጻር ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። አሲዱ በ1896 ነበረ፤ ገቺውም ከ1932 በፊት በፋብሪካ ነበረ፤ የአንድ ሙያ ስም፣ የአንድ ሙያ መኪና፣ የአንድ ሙያ ሠራተኛ የተገኘው ግን ሁለቱ ከተገናኙ በኋላ ነው። «ግልጽ ነው» የተባለው ነገር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለማንም አልታየም ነበር።

ሥራው በኖራ ድንጋይ ከተሳካ በኋላ ፊቱን ወደ አሸዋ ድንጋይ አዞረ። አሸዋ ድንጋይ ሲሊካ ነው፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለሲሊካ እንደ ውኃ ነው። ሲሊካን የሚያሟሟው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው፤ መስተዋትን የሚፍቀውም እርሱ ነው። በ1933 በቴክሳስ አንድ ሙከራ ተደረገ፤ ውጤቱ ተስፋ የሚሰጥ ስላልነበረ ለጊዜው ተተወ። ዳውዌል በ1940 የሃይድሮክሎሪክና የሃይድሮፍሎሪክ አሲዶችን ድብልቅ ለገበያ ሲያቀርብ የታሰበው አለቱን ለማሟሟት ሳይሆን በቁፋሮ ጊዜ ወደ ግድግዳው ዘልቆ ቀዳዳዎቹን የደፈነውን የቁፋሮ ጭቃ ለማስለቀቅ ነበር። በብዛት የሚሠራበት ድብልቅ ከመቶ 12 እጅ ሃይድሮክሎሪክና 3 እጅ ሃይድሮፍሎሪክ ያለበት ነው። እንግሊዝኛው ሁለት ቃላት አጣብቆ፣ ጭቃና አሲድ ብሎ ጠራው።

የዚህ ስም አተረጓጎም ነው ከሁሉ የሚያሳስበን። «የጭቃ አሲድ» ብንለው ሰዋስው አይከለክለንም። ነገር ግን «የ» በአማርኛ ብዙ ሥራ አለው። «የሳል መድኃኒት» ስንል ሳልን የሚያጠፋ ማለታችን ነው፤ «የሎሚ አሲድ» ስንል ግን ከሎሚ የሚገኝ፣ «የባትሪ አሲድ» ስንልም ባትሪ ውስጥ ያለ ማለታችን ነው። ከ«አሲድ» በፊት የሚመጣው «የ» መገኛን ማመልከት ልማዱ ስለ ሆነ «የጭቃ አሲድ» ሰሚው ዘንድ ጭቃ ውስጥ ያለ፣ ምናልባትም ረጋ ያለና የማይጎዳ አሲድ ይመስላል። እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ቆዳ ላይ ሲፈስ፣ በተለይ የቀጠነ ከሆነ፣ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል፤ ሰውየውም ንቆት ይውላል። አሲዱ ግን ወደ ሥጋና ወደ አጥንት እየሰረገ ከሰውነት ካልሲየም ጋር ይያያዛል፤ የልብን አመታት እስከ ማወክ ይደርሳል። የተቃጠለው ሰው በውኃ ከታጠበ በኋላ ካልሲየም ግሉኮኔት የተባለ ቅባት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ለሌላ አሲድ የሚደረገው ርዳታ ብቻውን አይበቃውም። በርሜሉ ላይ የተጻፈው ስም ይህን ካልተናገረ ስሙ ገዳይ ነው። ስለዚህ ርዝመቱን ሳንፈራ «ፍሎራዊ ጭቃ አሟሚ አሲድ» እንድንለው እናሳስባለን። «አሟሚ» ጭቃው ምን እንደሚሆን ይናገራል፤ «ፍሎራዊ» ደግሞ ሐኪሙ ማወቅ ያለበትን ይናገራል።

ከአሲዱ ጋር ከመጡት ስያሜዎች ሁለቱን ብቻ እንጨምር። አሲድ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲሄድ በእኩል አይሰራጭም። ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያገኘው አሲድ ያንኑ ይበልጥ እያሰፋ፣ ሌላውን እየተወ፣ ጠመዝማዛና ቅርንጫፋም መንገድ ይቆፍራል። እንግሊዝኛው ይህን «የትል ቀዳዳ» ይለዋል። እዚህ ላይ «ትል» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው፤ የእንግሊዝኛው ቃል ከጥንት የሚያመለክተው እንጨት የሚበሳውን ነፍሳት ነው፤ የእኛ ነቀዝ ነው። ነቀዝ የበላው ምሰሶ ውስጡ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ሥዕል ሳይሳልለት ነገሩን ይረዳል። «የነቀዝ መንገድ» እንላለን።

ሁለተኛው «ቆዳ» ነው። ቫን ኤቨርዲንገንና ኸርስት በ1953 በየበኩላቸው ባወጡት ጥናት በጉድጓዱ ግድግዳ ዙሪያ የሚደርሰውን ተጨማሪ የግፊት ጠብታ በስስ ቆዳ መስለው አሰሉት። ግድግዳው ዙሪያ ለምን ይህን ያህል ትኩረት እንዳገኘ በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። የጉድጓዱ ራዲየስ 10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ዘይቱ ከ300 ሜትር ርቀት የሚመጣ ቢሆን፣ ከጠቅላላው የግፊት ጠብታ ከሩብ የሚበልጠው የሚደርሰው ከጉድጓዱ መካከል እስከ 1 ሜትር ባለው ክበብ ውስጥ ነው። ዘይቱ ሁሉ ወደ ጠባቧ በር ስለሚጋፋ ነው። ጥቂት አሲድ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚሠራው በሩ ላይ ነውና። ለዚህ ንጣፍ «ስልባቦት» የሚል አማራጭ ሊቀርብ ይችላል፤ በወተት ላይ ያለው ስስነቱ ደስ ይላል። ግን ስልባቦት ሁልጊዜ ያለ ነገር ነው፤ የ1953ቱ ቆዳ ግን ቁጥር ነው፣ ከዜሮ በታችም ይወርዳል። አሲድ በደንብ የጠጣ ጉድጓድ ቆዳው ከዜሮ በታች ይሆናል። ከዜሮ በታች የሆነ ስልባቦት ለማንም አይታይም፤ ከዜሮ በታች የሆነ ቆዳም አይታይም። ስለዚህ ቁጥሩን «የቆዳ አኃዝ»፣ የተጎዳውን የአለት ክፍል «የተደፈነ ዙሪያ» ብለን ብንለያቸው ይሻላል።

እነዚህ ስያሜዎች በአገራችን የሚፈለጉት ለመዝገበ ቃላት ማድመቂያ ብቻ አይደለም። በኦጋዴን፣ በካሉብና በሂላላ፣ በ1970ዎቹ ዓመታት በተደረጉ ቁፋሮዎች የተፈጥሮ ጋዝ ተገኝቷል። የኦጋዴን የአለት ንጣፎችም ሐማንሌይ የሚባለውን የኖራ ድንጋይና አዲግራት የሚባለውን የአሸዋ ድንጋይ አጣምረው የያዙ ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱም ዓይነት አሲድ፣ ሁለቱም ዓይነት ቃላት ያስፈልጋሉ። ከዚያም ይልቅ የሚቀርበው የውኃ ጉድጓድ ነው። የጥልቅ ውኃ ጉድጓድ ወንፊት በኖራ ቅርፊት ሲደፈን በአሲድ ማጠብ በዓለም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ለዚህም ሰልፋሚክ አሲድ የተባለው በዱቄት መልክ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ያገለግላል። ያ ጉድጓድ የሚጠጣ ውኃ የሚሰጥ በመሆኑ ሥራው ካለቀ በኋላ የወጣው ፈሳሽ ምን ተብሎ መጠራት እንዳለበት መወሰን ግድ ይሆናል።

እንግሊዝኛው ድንጋዩን በልቶ የተመለሰውን አሲድ «ያለቀ» ይለዋል፤ ያላለቀውንም «ሕያው» ይለዋል። ይህን ጥንድ ተከትሎ «የሞተ አሲድ» ለማለት ይቃጣል፤ «ባትሪው ሞተ» እንደምንለው። ነገር ግን የተመለሰው ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ገና አሲድነት አለው፤ የሟሟ ብረትም ይዟል። አሲድነቱ ሲቀንስ ብረቱ ረግቶ ቀዳዳውን መልሶ እንዳይደፍን አስቀድሞ የሎሚ ወይም የኮምጣጤ አሲድ የሚጨመርበት ለዚሁ ነው። የሞተ ነገር የሚፈራው የለም፤ «የሞተ» የተባለውን ፈሳሽ ሠራተኛው ወደ ቦይ ቢለቅቀው፣ ከብት ቢጠጣው፣ ጥፋቱ የስያሜው ነው። በመሆኑም ከጉድጓድ የተመለሰውን «የደከመ አሲድ» ብለን መዝግበነዋል፤ «የሞተ» የሚለውን ደግሞ በኖራ ወይም በሶዳ ተፈትኖ አሲድነቱ ለጠፋው ፈሳሽ ብቻ አስቀርተነዋል።